«ግራም ኔጌቲቭ» ማለት ነጻ መሆን ነው?

ጥያቄ፦ የሽንት ምርመራ ውጤት ላይ «ግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያ» የሚል አነበብኩ። ግራም የክብደት መለኪያ አይደለም ወይ? ኔጌቲቭ ከተባለስ በሽታው የለም ማለት ነው? በአማርኛ «አሉታዊ ባክቴሪያ» ብንለው ያስኬዳል? ደግሞ «ባክቴሪያዎች» ማለት ስህተት ነው ያለኝ ሰው አለ።

መልስ፦ ግራሙ ከሚዛን ጋር ምንም አያገናኘውም። የሰው ስም ነው። ሃንስ ክርስቲያን ግራም የተባለ ዴንማርካዊ ሐኪም በርሊን ውስጥ ሲሠራ ባክቴሪያን በቀለም የሚለይበትን ዘዴ አገኘ፤ በ1884 እ.ኤ.አ. አሳተመው። ስሙ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ከመለኪያው ጋር አንድ ሆኖ ቁጭ አለ።

ኔጌቲቩ ግን የበለጠ ያሳስበኛል። በእኛ ጆሮ «ኔጌቲቭ» ማለት «የለብህም» ማለት ሆኗል። እዚህ ላይ የተጠየቀው ባክቴሪያው አለ ወይስ የለም አይደለም። ቀለሙን ያዘ ወይስ አልያዘም ነው። ስለዚህ ባክቴሪያው አለ፣ ቀለሙን ግን አልያዘም። ይህን የማያውቅ ሰው «ነጻ ነኝ» ብሎ መድኃኒቱን ሊተወው ይችላል።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ናሙናው ስስ መስታወት ላይ ይቀባና ወይን ጠጅ ቀለም ይፈስበታል። ቀጥሎ አዮዲን ይጨመራል፤ ቀለሙን የሚያጠብቀው እሱ ነው። ከዚያ በአልኮል ይታጠባል። መጨረሻ ላይ ቀይ ቀለም ይደረግበታል። ወፍራም ግድግዳ ያለው ባክቴሪያ ወይን ጠጁን አይለቅም፤ ፖዘቲቭ ይባላል። ግድግዳው ስስ የሆነው ቀለሙን በአልኮሉ ያጣና ቀዩን ይይዛል፤ ኔጌቲቭ የሚባለው እሱ ነው። ጨርቅ ሲነከር «ቀለም ያዘ» እንል የለ? እኔም «የግራምን ቀለም የያዘ» እና «ያልያዘ» ብንል ደስ ይለኛል። ውጤት ላይ ግን ሐኪሙ የሚያውቀው ስም ይቅር አልልም። ጎን ለጎን ይጻፉ።

«አሉታዊ» ግን አይሆንም። ቃሉ በአማርኛ መጥፎነትን ያዘለ ነው። አንባቢው ቀለም ያልያዘው ክፉ፣ የያዘው ደግ ይመስለዋል። ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ቀለሙን ይይዛል፤ ቁስልን መግል የሚያስይዘው ግን እሱ ነው። ስሙን ካነሳን አይቀር፣ በግሪክኛ «ስታፊሌ» የወይን ዘለላ፣ «ኮኮስ» ፍሬ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ በእርግጥም ዘለላ ይመስላል። «ባክቴሪያ» ራሱ ከትንሽ በትር የመጣ ቃል ነው፤ መጀመሪያ ስም የወጣላቸው በትር መሳዮቹ ነበሩና።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልለምን። «ግድግዳ» እና «ሽፋን» አይቀላቀሉብን። ጽሑፎች ሁለቱንም «ሽፋን» እያሉ ያልፋሉ። ግድግዳው ጠንከር ያለ ነው፤ ለሕዋሱ ቅርጽ ይሰጠዋል፣ እንዳይፈነዳም ይጠብቀዋል። ሽፋኑ ስስና ልስልስ ነው፤ የሚገባውንና የሚወጣውን ይመርጣል። ቀለም የማይዘው ባክቴሪያ ከውስጥ ሽፋን፣ በመሃል ስስ ግድግዳ፣ ከውጭ ደግሞ ሌላ ሽፋን አለው። ያ የውጭ ሽፋን ብዙ መድኃኒት አያሳልፍም። ሁሉንም «ሽፋን» ካልናቸው ይህን በምን ቋንቋ እናስረዳለን?

«ባክቴሪያዎች» ስህተት አይደለም። በላቲን «ባክቴሪያ» ብዙ ቁጥር ነው፤ ነጠላው «ባክቴሪየም» ነው። ግን አማርኛ ቃሉን የተቀበለው እንደ ነጠላ ነው። «አንድ ባክቴሪያ» ካልን «ባክቴሪያዎች» ማለታችን የቋንቋችን ሕግ ነው። ይልቅ «ሕዋሳቶች» የሚለውን እናርመው። «ሕዋሳት» ራሱ ብዙ ቁጥር ስለሆነ «ኦች» አያስፈልገውም።