ለንደንን በቆጠብነው ገንዘብ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ለንደን ስኖር ዓመታት ተቆጥረዋል። ክረምት በመጣ ቁጥር ዘመድ ወይም የዘመድ ጓደኛ እቀበላለሁ። የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ "ስንት ይዤ ብመጣ ይበቃኛል?" ነው። ከተማዋ ውድ ናት፤ ይህ እውነት ነው። ግን የሚወደደው አልጋውና መጓጓዣው ነው እንጂ ከምታዩት ነገር ብዙው ነፃ ነው። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የላካችሁልኝን ከዚህ በታች መልሻለሁ። ዋጋዎቹ በፈረንጆቹ 2025 የነበሩት ናቸው።

ጥያቄ፦ ከሂትሮው አየር ማረፊያ መሃል ከተማ ለመግባት ታክሲ ይሻለኛል?

መልስ፦ ታክሲውን ተወው ወንድሜ። ሂትሮው ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር በ15 ደቂቃ ያደርስሃል፤ በዕለቱ ከገዛኸው ግን 25 ፓውንድ ነው። ኤልዛቤት መስመር የሚባለው ባቡር 13.90 ነው። ፒካዲሊ የሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር ደግሞ 5.80 ብቻ። አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከመነሻው ስለምትሳፈር መቀመጫ ታገኛለህ። እኔ ዘመዶቼን ሁሉ የማመጣቸው በእሱ ነው።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር የሚሠራ የባንክ ካርድ የለኝም። ጥሬ ገንዘብ ይዤ ብሳፈርስ?

መልስ፦ አውቶቡስ ላይ አይሆንልሽም። የለንደን አውቶቡሶች ጥሬ ገንዘብ መቀበል ያቆሙት በፈረንጆቹ 2014 ነው። ባቡር ጣቢያ ገብተሽ ኦይስተር የሚባለውን የመጓጓዣ ካርድ ግዢና ገንዘብ ሙዪበት። ባቡር ላይ ስትገቢም ስትወጪም ካርዱን ማሽኑ ላይ አስነኪ። ስትወጪ ከረሳሽ ከፍተኛውን ሒሳብ ይቆርጥብሻል፤ እንግዶቻችን ብዙ ጊዜ የሚቀጡት እዚህ ላይ ነው። አውቶቡስ ላይ ስትገቢ ብቻ ይበቃል።

አንድ ጥሩ ነገር ልንገርሽ። የቀን ጣሪያ አለ። መሃል ከተማውን በሚያካትቱት ዞን 1 እና 2 ውስጥ ቀኑን ሙሉ ብትመላለሺ ከ8.90 ፓውንድ በላይ አይቆረጥብሽም። በአውቶቡስ ብቻ ከሆነ ጣሪያው 5.25 ነው። የአንዱ ጉዞ ዋጋ 1.75 ሆኖ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ አውቶቡስ ብትቀያይሪም ሌላ አትከፍዪም። ጊዜ ካለሽ አውቶቡስ ምረጪ። ከተማውንም እያየሽ ትሄጃለሽ።

ጥያቄ፦ ልጆች ይዘን ነው የምንመጣው። ለእነሱም እንከፍላለን?

መልስ፦ ከ11 ዓመት በታች ከሆኑ አውቶቡስ ነፃ ነው። በምድር ውስጥ ባቡርም ከከፈለ አዋቂ ጋር እስከ አራት ልጅ በነፃ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ማረፊያስ? ሆቴሉን አይቼ ደነገጥኩ።

መልስ፦ መደንገጥህ ትክክል ነው፤ ገንዘቡን የሚበላው እሱ ነው። ጥር አጋማሽና የካቲት ላይ መምጣት ከቻልክ ዋጋው ይወርዳል። በበጋቸው የምትመጣ ከሆነ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ሲወጡ የሚያከራዩትን ክፍል ፈልግ። መሃል ከተማ ካላደርኩ አትበል፤ ዞን 2 ወይም 3 ላይ ጣቢያ አጠገብ ያለ ቤት ይበቃሃል። ማብሰያ ያለው ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ።

ቪዛ ሳይመታልህ ግን የማይመለስ ክፍያ አትክፈል። የማመልከቻው ገንዘብም ቢከለክሉህ አይመለስም። ይህን ሳያውቅ ሁለቴ የከሰረ ዘመድ አለኝ፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ጥያቄ፦ ስንቅ መያዝ ይፈቀዳል?

መልስ፦ ሽሮና በርበሬ ያዢ። ቅቤና ቋንጣ ግን አይሆንም፤ ከኢትዮጵያ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ምሳ ከሱፐርማርኬት ሳንድዊች፣ መክሰስና መጠጥ አንድ ላይ በ4 ፓውንድ ገደማ ታገኛለሽ። ውኃ ከቧንቧ ጠጪ፣ ንጹሕ ነው። እንጀራ ሲያምርሽ ኪንግስ ክሮስ አካባቢ ካሌዶኒያን ጎዳና ላይ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች አሉ።

ጥያቄ፦ እናቴን ላመጣት ነው፤ ብዙ መራመድ አትችልም። ምን ላሳያት?

መልስ፦ 24 ቁጥር አውቶቡስ ላይ አስቀምጣት። ከሃምስቴድ ተነስቶ በካምደንና በትራፋልጋር አደባባይ አድርጎ ፓርላማው አጠገብ ያልፋል። እዚያ ውረዱ። ዌስትሚኒስተር አቢ የሚባለውን ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ለጉብኝት መግባት 30 ፓውንድ ገደማ ነው፤ ለማታ ጸሎት ለሚገባ ግን ነፃ። መዘምራኑን ቁጭ ብላ ትሰማለች። እናቶቻችን ይህን ይወዱታል።

ጥያቄ፦ ሙዚየሞቹ እውነት ነፃ ናቸው? ለእኛስ ምን አላቸው?

መልስ፦ የብሪቲሽ ሙዚየምና ናሽናል ጋለሪ መደበኛ ስብስባቸው ነፃ ነው። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየምም እንዲሁ፤ ዓርብ በእኛ አቆጣጠር እስከ ማታ 4 ሰዓት ክፍት ነው።

ለእኛ ምን አላቸው ላልከው፣ የራሳችንን ነው ያላቸው። በእኛ አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ዘርፎ ካመጣው ውስጥ የወርቅ ዘውድ በቪክቶሪያና አልበርት ይገኛል። በየትኛው ክፍል እንዳለ ከመሄድህ በፊት ድረ ገጻቸው ላይ እይ። 350 ገደማ የብራና መጻሕፍት በብሪቲሽ ላይብረሪ አሉ። ብሪቲሽ ሙዚየም ደግሞ 11 ታቦታት አሉ። እነሱን ጎብኚ አያያቸውም፤ ተዘግቶባቸው ነው ያሉት። እኔ በዚያ ሕንፃ በር ባለፍኩ ቁጥር ልቤ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ የልዑል ዓለማየሁን መቃብር ማየት ይቻላል?

መልስ፦ ያረፈው ከለንደን ወጣ ብሎ፣ ዊንዘር ቤተ መንግሥት ውስጥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው። የአፄ ቴዎድሮስን ልጅ እንግሊዞች በሰባት ዓመቱ ወሰዱት፤ በ18 ዓመቱ፣ በፈረንጆቹ 1879 ሞተ። ኢትዮጵያና ቤተሰቦቹ አፅሙ እንዲመለስ ጠይቀው ቤተ መንግሥቱ በ2023 እንደማይቻል መልሷል። የመታሰቢያ ሰሌዳው ላይ "እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል" የሚለው የወንጌል ቃል ተቀርጿል። እናቱ የሞተችበት ልጅ እንዴት እንደመጣ ለሚያውቅ፣ ያ ቃል ያማል።

ቤተ መንግሥቱን ለመጎብኘት ትኬቱ ከ30 ፓውንድ በላይ ነው። ለጸሎት ለሚመጣ ግን መግቢያው ነፃ ነው፤ የማታው አብዛኛውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀመራል። ከዋተርሉ ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በሩ ላይ ቀደም ብላችሁ ድረሱና ለጸሎት ነው የመጣነው በሏቸው።