ኤልሲ ከመክፈታችሁ በፊት፦ ዕቃ ከውጭ ለማስመጣት ለተነሣችሁ ወጣቶች

ባለፈው ሳምንት ገላን አካባቢ የኤሌክትሪክ ዕቃ መጋዘን የከፈተ አንድ ወጣት፣ «ጋሼ፣ ሻጩ የጥራት ሰርተፍኬት ልኮልኛል፤ ይህ በእጄ ካለ አስገዳጅ ደረጃው አያስቸግረኝም አይደል?» ሲል ጠየቀኝ። አስገዳጅ ደረጃ ማለት ዕቃው አገር ውስጥ ለመሸጥ የግድ ሊያሟላው የሚገባ መመዘኛ ነው። የሚገባኝን ያህል መለስሁለት። ወደ ቤቴ ወደ ቱሉ ዲምቱ ስመለስ ግን አንድ የቆየ ጸጸት ተቀሰቀሰብኝ፤ ይኸው ጥያቄ በጊዜው ቢጠየቅ ኖሮ ንብረቱ ይተርፍለት የነበረ የጎረቤቴ ልጅ ትዝ አለኝና ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ።

ሙያዬ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ፍተሻ ነበር። ከውጭ ከገባ ዕቃ የተወሰደ ናሙና ወደ ላቦራቶሪያችን የሚደርሰው የባለቤቱ ስም ሳይጻፍበት፣ የመለያ ቁጥር ብቻ ተለጥፎበት ነበር፤ ይህም ፈታሹ ለማንም እንዳያዳላ የተበጀ ተገቢ አሠራር ነው። አንድ ቀን ጠዋት ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የቤት ውስጥ ሽቦ ናሙና ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁ። ቀይ ልባሱ ያማረ፣ ጽሑፉ በጣት ቢታሽ የማይለቅ፣ ውፍረቱም ለዐይን የተሟላ ነበር። አንድ ሜትር ለክተን ቆረጥን፤ የሁለቱን ጫፎች ልባስ ገፍፈን በመለኪያው መቆንጠጫ አሰርነው። አይኢሲ 60228 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት የዚህ መጠን ድፍን የመዳብ ሽቦ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ሲለካ ለአንድ ኪሎ ሜትር ከ7.41 ኦም የበለጠ ተቃውሞ (ኤሌክትሪክ እንደ ልብ እንዳያልፍ የሚይዝ፣ በኦም የሚለካ ባሕርይ) ሊኖረው አይገባም፤ የእኛ መለኪያ ያሳየው ግን ተሰልቶ ከ11 ኦም በላይ ሆነ። ደግመን ለካነው፤ ከሌላ ጥቅል የተወሰደ ቁራጭም ለካን፤ ለውጥ አልነበረውም። የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ስንፍቀው ከስሱ የመዳብ ሽፋን ሥር ነጭ ማዕድን ብቅ አለ፤ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነበር። ውጤቱን ጽፌ ፈረምሁና ወደሚቀጥለው ናሙና አለፍሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ አመሻሹ ላይ፣ በእድር የምንገናኝ አንድ ጎረቤቴ የታጠፈ ወረቀት ይዘው ቤቴ መጡ። እኒህ ሰው አቃቂ ውስጥ በአንድ አይሱዙ አሸዋና ድንጋይ እያመላለሱ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። መኪናውን ሸጠው ገንዘቡን ለበኵር ልጃቸው የንግድ መነሻ እንደ ሰጡት ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ልጁ ምን እንዳስመጣ ግን እኔ አልሰማሁም። ወረቀቱን ስዘረጋው የመለያ ቁጥሩን አወቅሁት፤ ከታች ያለውም የራሴ ፊርማ ነበር።

«ውድቅ ማለት ምን ማለት ነው? ዕቃው እኮ አዲስ ነው፤ ከካርቶኑ አልወጣም» አሉኝ። ከኪሳቸው የሽቦውን ቁራጭ አውጥተው ሰጡኝ፤ እኔም ምላጭ አስመጥቼ ፊት ለፊታቸው ፋቅሁላቸው። ነጩን ሲያዩ ዝም አሉ። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ እንደሚስብ፣ ይህም በእኛ 220 ቮልት ሲሰላ ወደ 15 አምፔር እንደሚጠጋ፣ የሽቦው ተቃውሞ በግማሽ ሲጨምር በዚያው መጠን ያለ ኤሌክትሪክ ግድግዳው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀትም በግማሽ እንደሚጨምር አስረዳኋቸው። ገባቸው። ሾፌር ናቸውና ስለ ሽቦ መጋል የሚነግራቸው ሰው አያስፈልጋቸውም ነበር።

ቀጥለው ሻጩ ለልጃቸው የላከውን ሰርተፍኬት አሳዩኝ። ወረቀቱ ሐሰተኛ አልነበረም። እውነተኛ ላቦራቶሪ፣ እውነተኛ ማኅተም፣ እውነተኛ ውጤት ነበረው። ነገር ግን የተፈተሸው ባለ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ ነበር፤ የአምራቹ ስም ሽያጭ ከፈጸመው ድርጅት ስም ጋር አይገናኝም፤ ቀኑም ትዕዛዙ ከመሰጠቱ ብዙ ወራት የቀደመ ነበር። በዚያ ኮንቴይነር ስለ ተጫኑት ጥቅሎች የሚናገር አንዲት መስመር እንኳ አልነበረበትም። «ታዲያ ባንኩ ዕቃውን ሳያይ ነው የከፈለው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎን፣ ሳያይ ነው። ኤልሲ ማለት የተጠየቁት ሰነዶች ከቀረቡለት ባንኩ ለሻጩ ለመክፈል የሚገባው የጽሑፍ ግዴታ ነውና። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚሠራበት ዩሲፒ 600 የተባለው ዓለም አቀፍ የኤልሲ ደንብ በአንቀጽ 5 ባንኮች የሚገናኙት ከሰነድ ጋር እንጂ ከዕቃ ጋር እንዳልሆነ ደንግጓል። በኤልሲው የተጠየቁት ሰነዶች ኢንቮይስ፣ የማሸጊያ ዝርዝርና ቢል ኦፍ ሎዲንግ (ዕቃው መጫኑን የሚያሳየው የአጓጓዡ ሰነድ) ነበሩ፤ ሻጩ ሁሉንም አሟልቶ አቀረበ፤ ገንዘቡም ተከፈለው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። ዕቃው ወደ አገር ውስጥ ገበያ እንዳይገባ ተከለከለ፤ ወደ መጣበት እንዲመለስ ወይም በባለቤቱ ወጪ እንዲወገድ ተባለ። ሻጩ ስልክ ማንሣት አቆመ። ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ የማከማቻው ሒሳብ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ጅቡቲ መመለስ ያለበት የባዶ ኮንቴይነሩ ኪራይ በየቀኑ ይቆጥር ነበር። ልጁ ዛሬ የሰው ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል፤ አባቱም መኪና አልገዙም። ክልከላው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ያንኑ ውጤት እፈርማለሁ። የሚቆጨኝ ያ ልጅ ከቤቴ በጥቂት በሮች ርቀት ላይ እየኖረ፣ ገንዘቡን ከመላኩ በፊት እኔን መጠየቅ ነውር መስሎት መቅረቱ ነው። በዚያን ጊዜ ፈታሽን አስቀድሞ ማነጋገር ውለታ እንደ መለመን ይቆጠር ነበርና፣ ሰው ወደ እኛ የሚመጣው ዕቃው ከወደቀ በኋላ ነበር።

እናንተ ከዚያ ልጅ የተሻለ ዕድል አላችሁ። ፋብሪካውን በስልካችሁ ታዩታላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ቻይንኛ ተምራችኋል፤ ይህ ያስደስተኛል። ነገር ግን ለአንድ ሜትር ሽቦ ጥቂት ሳንቲም ለማስቀነስ ሌሊቱን ስትከራከሩ የምታድሩ ልጆች፣ የምታስመጡት ዕቃ የሚዳኝበትን የኢትዮጵያ ደረጃ ገዝታችሁ ለማንበብ ግማሽ ቀን ትሰስታላችሁ። በቴሌግራም «ይህ ያልፋል፣ ያ አያልፍም» እየተባለ የሚነገረውን ትሰማላችሁ። ትዕግሥት ማጣታችሁ ያሳስበኛል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ አንድ ኮንቴይነር በብር ሲታሰብ ከቀድሞው ይበልጥ ከባድ ሀብት ሆኗል።

የት እንደምትጠይቁ ለይታችሁ እወቁ። በ2003 ዓ.ም. የቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ሥራ ለአራት ተቋማት ተከፍሏል። ደረጃውን የሚያወጣው ዛሬ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት የሚባለው ነው፤ የምትገዙትም ከዚያ ነው። የፍተሻና የምዘና አገልግሎት የሚሰጠው የተስማሚነት ምዘና ድርጅት ሲሆን፣ አስገዳጅ ደረጃ ያላቸውን የገቢ ዕቃዎች የሚቆጣጠረው ግን ከአራቱ ውጭ የሆነው የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። ትራንዚተር፣ ማለትም የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ፣ ሰነድ ያንቀሳቅስላችኋል፤ ሽቦን መዳብ ሊያደርግላችሁ አይችልም።

ደረጃውን ካነበባችሁ በኋላ ቁጥሩንና የወጣበትን ዓመት በፕሮፎርማው (በሻጩ የዋጋ ማቅረቢያ) እና በውሉ ላይ አስጽፉ፤ «ጥራቱን የጠበቀ» የሚለው ቃል ብቻውን የሚያስይዝ ነገር የለውም። ዋናው ግን ኤልሲው ነው። በሚፈለጉ ሰነዶች ዝርዝር ውስጥ ገለልተኛ የቁጥጥር ድርጅት ዕቃው ከመጫኑ በፊት የሚሰጠውን የፍተሻ ሰርተፍኬት አስገቡ፤ ናሙናው ከዚሁ ጭነት መወሰዱን፣ የምርት ቁጥሩን፣ የዕቃውን መጠንና የደረጃውን ቁጥር እንዲገልጽ፣ ላቦራቶሪውም የፍተሻ ላቦራቶሪዎች ብቃት በሚመዘንበት በአይኤስኦ/አይኢሲ 17025 ዕውቅና ያገኘ እንዲሆን ጠይቁ። ባንክ የሚያየው ወረቀት ብቻ ከሆነ፣ ትክክለኛው ወረቀት ካልቀረበ አይከፈልም። ይህን የማይቀበል ሻጭ ቢያጋጥማችሁ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ተዉት። የቁጥጥሩ ክፍያ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ በተለይ ለአንድ ኮንቴይነር ብቻ ሲሆን።

አቃቂ ውስጥ የአርማታ ብረት ሲራገፍ ከእያንዳንዱ ጭነት አንድ ሜትር እያስቆረጡ የሚመዝኑ አንድ ሽማግሌ ፎርማን ነበሩ። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብረት አንድ ሜትሩ 0.888 ኪሎ ግራም መመዘን እንዳለበት በቃላቸው ያውቁ ነበር፤ በጉልህ ከጎደለ ሾፌሩ ቢቆጣም ባይቆጣም ጭነቱን መልሰው ይልኩ ነበር። ላቦራቶሪ አልነበራቸውም፤ ሚዛንና አንዲት ቁጥር ነበራቸው። ሽቦ የምታስመጡ ሁሉ ምላጭና 7.41 የምትባለውን ቁጥር መያዝ አያቅታችሁም፤ ባለ 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ለሆነው ደግሞ 4.61 ነው።

ከሁሉ አስቀድማችሁ ኤልሲው ሳይከፈት አንድ ጥቅል በአየር አስልካችሁ እዚሁ አስፈትሹ፤ ማንም ሰው ከፍሎ ማስፈተሽ ይችላል፣ እንደ ልመናም አይቆጠርም። ናሙናው ማለፉ ጭነቱ ያልፋል ማለት ስላልሆነ ከመጫኑ በፊት የሚደረገውን ፍተሻ አይተካም። የተረፈውን ሽቦ አሽጋችሁ፣ ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡት፤ የጭነቱ ናሙና ለቁጥጥር ሲወሰድ የሁለቱን ጫፍ ጎን ለጎን ፍቃችሁ ታስተያዩታላችሁ፤ ከሻጩ ጋር ክርክር ከተነሣም የተስማማችሁበትን ዕቃ የሚያሳየው እርሱ ነው።