«የኋላ ፍሬን መብራት» ስንል የቱን ማለታችን ነው?

ጥያቄ፦ አንድ አሮጌ የሆንዳ ሞተር ሳይክል ገዝቼ የፍሬቻውንና የፍሬን መብራቱን ሽቦ እንደ አዲስ ዘርግቻለሁ። አሠራሩን ለጓደኞቼ በጽሑፍ ላካፍል ስነሣ ግን ቃላቱ አስቸገሩኝ። ‹ፍሬቻ›፣ ‹ፍሬን›፣ ‹ግራውንድ› የሚሉትን የባዕድ ቃላት በአማርኛ መተካት ይገባኝ ይሆን? ከጻፍኋቸው ዓረፍተ ነገሮች አንዱ፦ «አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ከኋላ ፍሬን መብራት ስዊች አምጥተው ከመብራቱ ጋር ያገናኙ» ይላል። ወንድሜ አንብቦት «አልገባኝም» አለኝ።

መልስ፦ ወንድምዎን ግር ያሰኙት የባዕድ ቃላቱ አይመስሉኝም፤ ‹ፍሬን›ንም ሆነ ‹ስዊች›ን ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ግራ ያጋቡት አንዲት የተዋጠች ‹የ› እና አንዲት ያለ ቦታዋ የገባች ‹ና› ናቸው ብዬ አምናለሁ። ወደ እነርሱ ከመድረሴ በፊት ግን ስለ ቃላቱ የጠየቁኝን ልመልስ።

‹ፍሬቻ› ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ፍላጻ ማለት ነው። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ብዙ መኪኖች ከጎናቸው እንደ ክንድ ብቅ የሚል ማመልከቻ ነበራቸው፤ ሾፌሩ ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ሲል የቀኙ ክንድ ይዘረጋል። ያ ክንድ ቀርቶ አምፖል ቢተካውም ጣልያኖች ዛሬም ፍላጻ ይሉታል፤ እኛም የምንጠቀመው ያንኑ ስም ነው። ‹የአቅጣጫ ማመልከቻ መብራት› የሚለው ስሕተት ባይኖርበትም ቦታው የሕግና የደንብ ጽሑፍ ነው። እጁ ላይ ሽቦ ይዞ ለሚያነብ ሰው ግን ‹የግራ ፍሬቻ› የሚለው በቂም ግልጽም ስለሆነ እንዳይተውት እመክራለሁ።

‹ፍሬን›ም ቢሆን ለእኛ ባዕድነቱ ያን ያህል አይደለም። ጣልያንኛውም ፈረንሳይኛውም ቃሉን የወረሱት ከላቲን ነው፤ የላቲኑ ፍቺ ደግሞ ልጓም ነው። አማርኛ ቃሉን ሲቀበል አብሮት ያስኬደው ግሥ ‹ያዘ› መሆኑ ሁልጊዜ ደስ ያሰኘኛል፤ ፈረሰኛው ልጓም እንደሚይዝ ሞተረኛውም ፍሬን ይይዛል። ይህ ግሥ ለእጁም ለእግሩም ስለሚያገለግል፣ የፊቱንና የኋላውን ፍሬን መለየት ሲፈልጉ ‹ሲጨብጡ› እና ‹ሲረግጡ› ብለው ይጻፉ።

‹ግራውንድ›ን፣ ማለትም ከባትሪው አንዱ ጫፍ ጋር የሚገናኘውን የመብራቶቹን የጋራ መስመር፣ በ‹መሬት› መተካት ግን አይበጅም። የቤት ኤሌክትሪክ የመሬት ሽቦ በእርግጥም መሬት ውስጥ ይገባል፤ ሞተር ሳይክል ግን በሁለት ጎማ ላይ የቆመ ነገር ስለሆነ ሽቦው የሚታሰረው ከሻንሲው፣ ማለትም ሞተር ሳይክሉን ከሚሸከመው የብረት አጽም፣ ጋር ነው። ‹ኔጋቲቭ› ማለትም አያዛልቅም፤ ምክንያቱም እንደ ትራያምፍና ቢ.ኤስ.ኤ. ባሉ የ1960ዎቹ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክሎች ላይ ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። የእርስዎን ጽሑፍ ይዞ እንዲህ ያለውን ሞተር ሳይክል የሚከፍት ሰው ‹ኔጋቲቩን ከሻንሲው ጋር ያገናኙ› የሚለውን ቢከተል ይሳሳታል። ‹ግራውንድ› ይበሉት፤ በመጀመሪያ ሲጠሩት ብቻ ከሻንሲው ጋር የሚገናኝ መሆኑን ይንገሩ።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገርዎ እንመለስ። ዘርፍ አያያዡ ‹የ› በአማርኛ እንግዳ ጠባይ አለው፤ እንደ ‹ከ›፣ ‹በ› እና ‹ለ› ያለ መስተዋድድ ሲቀድመው ይዋጣል። ‹ከየፍሬኑ መብራት› አንልም፣ ‹ከፍሬኑ መብራት› እንላለን። ስሞች ሦስትና አራት ሆነው ሲደራረቡም አብዛኛውን ጊዜ የምናሰማው የመጀመሪያውን ‹የ› ብቻ ስለሆነ የትኛው ስም ከየትኛው ጋር እንደተሳሰረ የሚያሳይ ምልክት አይቀርም። ‹የኋላ ፍሬን መብራት ስዊች› የሚለውን አንድ አንባቢ ‹ኋላ›ን ከ‹ፍሬን› ጋር አያይዞ በእግር የሚረገጠው ፍሬን ስዊች ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ‹ኋላ›ን ከ‹መብራት› ጋር አያይዞ ስዊቹን ከታርጋው በላይ ካለው መብራት አካባቢ ይፈልጋል፤ እዚያ ግን ምንም ስዊች የለም። በሞተር ሳይክል ላይ ይህ አሻሚነት የሚጎዳው ፍሬኖቹ ሁለት፣ ስዊቾቹም ሁለት ሆነው ሳለ የፍሬን መብራቱ አንድ ብቻ በመሆኑ ነው። መፍትሔው ስሞቹን መደርደር ትቶ በግሥ ማሰር ነው፦ ‹በኋላው ፍሬን ፔዳል አጠገብ ያለው ስዊች›። ረዘም ይላል፤ ነገር ግን ሁለት ፍቺ የለውም።

‹አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ› የሚለው ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። አማርኛ ስምን በነጠላ አስቀምጦ ብዙውን ማመልከት ስለሚችል፣ ይህ ሐረግ ሁለት ቀለም ያለው አንድ ሽቦም ይሆናል፣ አንድ አረንጓዴና አንድ ቢጫ ሽቦም ይሆናል። በአሮጌ ሆንዳዎች ላይ ጠቅላላው አረንጓዴ የሆነው ሽቦ ግራውንድ ነው፤ ከስዊቹ ወደ ፍሬን መብራቱ ኃይል የሚወስደው ግን አረንጓዴ ሆኖ ቢጫ መስመር ያለበት ነው። አንባቢዎ የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ጋር ቢያገናኝ ፍሬን በያዘ ቁጥር ፊውዝ ይቃጠልበታል። ስለዚህ ‹ና›ን ያውጡና ‹ቢጫ መስመር ያለበት አረንጓዴ ሽቦ› ብለው ይጻፉ።

‹ከመብራቱ ጋር› የሚለውም ጥቂት ማብራሪያ ይሻል። ከኋላ ያለው አምፖል በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ክር ይዟል፤ ባለ 5 ዋቱ ክር ሌሊቱን የሚበራው፣ ባለ 21 ዋቱ ደግሞ ፍሬን ሲያዝ የሚበራው ነው። ሁለቱ ከተቀያየሩ የኋላው መብራት ማታ ከልክ በላይ ይደምቃል፤ ፍሬን ሲያዝ ግን ከኋላ የሚመጣው ሾፌር ለውጡን ልብ ላይለው ይችላል። እኔ ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «በኋላው ፍሬን ፔዳል አጠገብ ካለው ስዊች የሚነሣውን፣ ቢጫ መስመር ያለበትን አረንጓዴ ሽቦ አምጥተው ባለ 21 ዋት ክር ካለበት የአምፖሉ ጫፍ ጋር ያገናኙት።» እንደሚያዩት ‹ስዊች›ም ‹አምፖል›ም በቦታቸው ናቸው።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር፣ ግሦቹን ይመለከታል። ፍሬቻው ባልሠራ ጊዜ ብዙ ጸሐፊዎች ‹አይሠራም› ብለው ያልፋሉ፤ አማርኛ ግን ከዚህ የበለጠ ስለት አለው። የፍሬቻ ትክክለኛ ሁኔታ ‹ብልጭ ድርግም ማለት› ነው። ‹ብልጭ› መብራቱን፣ ‹ድርግም› መጥፋቱን ስለሚናገር ‹ብልጭ ብልጭ› ከማለት ይሻላል፤ ይህም በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ መሆን ይገባዋል። ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም በሚያሰኘው ዕቃ፣ በአሮጌው ፍላሸር፣ ውስጥ ያለችው የብረት ቅጠል አምፖሎቹ በሚስቡት ኤሌክትሪክ ግላ ትጣመማለች፣ መስመሩንም ታቋርጣለች፤ ስትቀዘቅዝ ትመለሳለች። አንዱ አምፖል የተቃጠለ ወይም ጥቂት ኤሌክትሪክ በሚስብ ኤል.ኢ.ዲ. የተተካ እንደሆነ ቅጠሏ በበቂ ስለማትግል ፍሬቻው ‹በርቶ ይቀራል›። ‹ጨርሶ አይበራም› ከሆነ ግን ጥፋቱ በአብዛኛው ከፊውዙ፣ ከስዊቹ ወይም ከተበጠሰ ሽቦ ነው። ጓደኛዎ ደውሎ «ፍሬቻዬ አይሠራም» ቢልዎ መጀመሪያ የሚጠይቁት «በርቶ ይቀራል ወይስ ጨርሶ አይበራም?» ብለው ነው፤ በጽሑፍዎም ሁለቱን በሁለት የተለያዩ አንቀጾች ያስቀምጧቸው።