መልስ፦ የግራፊን ቀዳዳዎች ለምን ይዘጋሉ?

ጨውን ከውኃ ለማጣራት በግራፊን (አንድ አተም ብቻ ውፍረት ባለው የካርቦን ንጣፍ) ላይ የምትበሳቸው ቀዳዳዎች ለምን እንደሚዘጉብህ ጠይቀሃል። በኤሌክትሮን ጨረር የበሳሃቸው ቀዳዳዎች በማግስቱ ተደፍነው የምታገኛቸው በግራፊኑ ላይ በቀረ የቅባትና የፕላስቲክ ቆሻሻ ምክንያት ነው። በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ያሉት የካርቦን አተሞች ትስስራቸው ስላልተሟላ ያገኙትን ካርቦን ሁሉ ይይዛሉ።

1. ከመብሳትህ በፊት ግራፊኑን በቫኪዩም (አየር በወጣለት ክፍል) ውስጥ አሙቀው። መሣሪያው የሚፈቅድ ከሆነ በምትበሳበት ጊዜም በጥቂት መቶ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቆይ፤ ቆሻሻው እንዳይሰበሰብ የሚያደርገው ይህ ነው።

2. የጨረሩን ቮልቴጅ ስትበሳ ከ100 ኪሎቮልት በላይ፣ ቀዳዳውን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስትመለከት ግን 80 ወይም ከዚያ በታች አድርገው። የጠርዝ አተሞች ከመሀሎቹ ይልቅ በቀላሉ ስለሚነቀሉ፣ በዝቅተኛው ጨረርም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ብታየው ቀዳዳው ይሰፋብሃል።

3. ጠርዙን በሲሊከን አተሞች አሲዘው። ክፍት የነበረው ትስስር ሲሞላ ቀዳዳው መጠኑን ይጠብቃል። እኔ ብሆን ጉልበቴን የማውለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሙከራህን በጣና ውኃ አትጀምር። በክረምት ከባሕር ዳር ዳርቻ የምንቀዳው ውኃ ደለሉ ተራውን የማጣሪያ ወረቀት እንኳ ቶሎ ይደፍነዋል፤ ከ1 ናኖሜትር (ከሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ) ያነሰ ቀዳዳማ ምን ሊሆን ነው? ደግሞም ጣና ጨዋማ አይደለም። መጀመሪያ በተጣራ ውኃ ውስጥ የገበታ ጨው አሟሙተህ ሞክረው።