የቤት ኢንሹራንስሽ ዴይኬርሽን አያውቀውም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼዋለሁ። ዛሬ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ረጋ ብዬ ልመልስልሽ ብዬ ነው የቆየሁት። ቨርጂኒያ፣ ዉድብሪጅ ቤትሽ ውስጥ 5 ልጆች ልትጠብቂ የስቴት ላይሰንስ ማመልከቻ አስገብተሻል። ሁለቱ ገና ዓመት ያልሞላቸው፣ አንዱ የ20 ወር፣ ሁለቱ የ3 ዓመት ናቸው። የራስሽም የ2 ዓመት ልጅ አለች። አንዷ ጓደኛሽ «የቤት ኢንሹራንስ ካለሽ ይበቃሻል» አለችሽ። ሌላዋ «ኤልኤልሲ (የራስሽን ንብረት ከሥራው ዕዳ የሚለይ ድርጅት) ክፈቺ፣ ወላጆቹን አንከስም ብለው አስፈርሚያቸው፣ በቃ» አለችሽ። የቷን ልስማ ነው ያልሽው።

ሁለቱንም አትስሚ። ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ እኔም መጀመሪያ ላይ የማስበው እንደነሱ ነበር። ሰሜን ቨርጂኒያ ቤቴ ውስጥ ልጆች መጠበቅ ከጀመርኩ 14 ዓመት ሞላኝ። የምነግርሽም የቨርጂኒያውን ነው። ሜሪላንድና ሌላ ስቴት ያላችሁ ሕጉ ስለሚለያይ የአካባቢያችሁን ጠይቁ።

መጀመሪያ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ሥራውን በጀመርኩ በ3ኛው ዓመት ነው። ዝናብ ስለነበር ውጭ አልወጣንም። ሳሎን ውስጥ የትንሿን ልጅ ዳይፐር እየቀየርኩ ነበር። የ3 ዓመቱ ልጅ ከእኔ ሦስት እርምጃ ቢርቅ ነው። ሶፋው ላይ ወጣ። «ውረድ የኔ ጌታ» አልኩት። ዘለለ። ያረፈው በግራ እጁ ነው። ጮኸና ወዲያው ዝም አለ፣ ፊቱ ነጭ ሆነ። ከክርኑ ከፍ ብሎ አጥንቱ ተሰብሮ ነበር። ቀዶ ጥገና ተደርጎለት እጁ ውስጥ ብረት ገባ።

ወላጆቹን ከቤተ ክርስቲያን ጀምሮ ነው የማውቃቸው። እናቱ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ እኔን አቅፋ ነው ያለቀሰችው። «ልጅ ነው፣ ይወድቃል፣ አንቺ ምን ታደርጊ» አለችኝ። ክስ የሚባል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። ከ2 ወር በኋላ ግን ለአባቱ ከጤና ኢንሹራንሱ ደብዳቤ መጣ። አደጋው የት ደረሰ? በማን ቤት? የቤቱ ባለቤት ኢንሹራንስ አለው ወይ? እሱ ውሸት ሊጽፍ አይችልም። እኔም እንዲዋሽልኝ አልፈለግሁም።

ብዙዎቻችን «ሐበሻ ሐበሻን አይከስም» ብለን ነው ተማምነን የምንቀመጠው። ወላጁ ቢወድሽም የሆስፒታሉ ሂሳብ አይወድሽም። ሂሳቡን የከፈለው የጤና ፕላን አንዳንዴ ገንዘቡን ከሌላ ወገን ለማስመለስ ይሞክራል።

ለቤት ኢንሹራንሴ ደወልኩ። ሴትየዋ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ልጁን የምትጠብቂው በክፍያ ነው?» ብላ ነው። አዎ አልኳት። በሳምንቱ ደብዳቤ ደረሰኝ። የሰው ልጅ በቋሚነት በክፍያ መጠበቅ ንግድ ነው፤ ፖሊሲው ከንግድ የሚመጣን ኃላፊነት አይሸፍንም ይላል። በዚያ ላይ ቤቱ ውስጥ ንግድ እንዳለ ስላልነገርኳቸው ጊዜው ሲያልቅ እንደማያድሱልኝ ጻፉልኝ። ብድር ያለበት ቤት ያለ ኢንሹራንስ መቀመጥ እንደማይችል ታውቂያለሽ። ሌላ ኩባንያ እስካገኝ እንቅልፍ አልነበረኝም። ከወላጆቹ ኪስ የወጣውን 4,200 ዶላር እኔ ከፈልኩ። ባለቤቴ እናቱን ሊያይ አዲስ አበባ ለመሄድ ያጠራቀመው ነበር። ያን ዓመት ሳይሄድ ቀረ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራሽ ይሄ ነው። ለቤት ኢንሹራንስሽ ደውለሽ እውነቱን ንገሪ። አንዳንድ ኩባንያ ለጥቂት ልጆች ተጨማሪ ሽፋን በፖሊሲው ላይ ይጨምርልሻል። አንዳንዱ «አንችልም» ይልሻል። ዛሬ «አንችልም» ቢሉሽ ልጅ ከተጎዳ በኋላ ከሚሉሽ ይሻላል። ተከራይ ብትሆኚም ያው ነው፤ የሬንተርስ ኢንሹራንስም ንግድን አያይም። አምብሬላ የሚባለውን፣ ከቤቱ ፖሊሲ በላይ የሚጨመረውን ሽፋን፣ የገዛሽ እንደሆነም አትመኪበት፤ አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ፖሊሲ የማይሸፍነውን ንግድ እሱም አይሸፍነውም።

ሁለተኛው፣ በቤት ውስጥ ልጅ ለሚጠብቁ ሰዎች ተብሎ የተዘጋጀ የላያቢሊቲ፣ ማለትም ሰው ሲጎዳ ያለብሽን ተጠያቂነት የሚሸፍን ፖሊሲ ለብቻው ግዢ። ቨርጂኒያ ላይሰንስ ያለው ሰው ቢያንስ ለአንድ አደጋ 100,000፣ በጠቅላላ 300,000 ዶላር የሚሸፍን ላያቢሊቲ ይኑረው አይኑረው ለወላጆች በጽሑፍ እንዲያሳውቅና እንዲያስፈርም ታስገድዳለች። ልብ በይ፣ ግዴታው ማሳወቁ ነው። እኔ ግን በዚያ መጠን አልቆምም። የአንድ ልጅ ጭንቅላት ጉዳት ስንት እንደሚያስወጣ አስቢው። የእኔ ለአንድ አደጋ 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። ዋጋው ከአነስተኛው ጋር ሲነጻጸር የፈራሁትን ያህል አልራቀም። የምትከፍዪው ደግሞ የሥራ ወጪ ስለሆነ ታክስ ስትሠሪ ሼድዩል ሲ በሚባለው የግል ሥራ ገቢና ወጪ ቅጽ ላይ ይገባልሻል።

ከመፈረምሽ በፊት ኤጀንቱን አጥብቀሽ ጠይቂው። ልጁ ሲጎዳ ጥፋተኛው ማነው ሳይባል የሕክምና ወጪ የሚከፍል ክፍል አለው? እኔን ያኔ የሚያድነኝ እሱ ነበር። የጠበቃ ወጪ ከሽፋኑ መጠን ላይ ነው የሚቀነሰው ወይስ ለብቻው ነው የሚከፈለው? የመጎሳቆል ክስ ቢመጣስ? ይሄን መጠየቅ ያስጠላል፣ አውቃለሁ። ግን ብዙ ፖሊሲ ወይ ጭራሽ አያካትተውም፣ ወይ በትንሽ ገንዘብ ይወስነዋል። ውሸት የሆነ ክስ እንኳ ነፃ እስክትወጪ ድረስ ጠበቃ ይፈልጋል።

አሁን ከሁሉ በላይ እንድትይዢልኝ የምፈልገው ነገር። ፖሊሲው «ኦከረንስ» ይሁን «ክሌምስ ሜድ» ጠይቂ። ኦከረንስ ማለት አደጋው የደረሰው ፖሊሲው በሚሠራበት ጊዜ ከሆነ፣ ክሱ መቼም ይምጣ ይሸፍንሻል። ክሌምስ ሜድ ግን ክሱ ሲመጣም ፖሊሲው መኖር አለበት። ለኛ ሥራ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ለአካል ጉዳት የመክሰሻ ጊዜው 2 ዓመት ነው። ለልጅ ግን 2 ዓመቱ መቆጠር የሚጀምረው 18 ሲሞላው ነው። ዛሬ የ2 ዓመት ሆኖ ቤትሽ የተጎዳ ልጅ እስከ 20 ዓመቱ ሊከስሽ ይችላል ማለት ነው። አንቺ ያኔ ሥራውን ትተሽ፣ ፖሊሲውን ዘግተሽ፣ ምናልባት አገር ቤት ገብተሽ ይሆናል። ስለዚህ ኦከረንስ ግዢ። የድሮ ፖሊሲዎችሽንም አትጣዪ። የእኔ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉም ሳጥን ውስጥ ነው።

«አንከስም» የሚለው ወረቀትስ? የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1992 ጉዳት ከመድረሱ በፊት የሚፈረም እንዲህ ዓይነት ወረቀት በቸልተኝነት ለሚደርስ የአካል ጉዳት ዋጋ የለውም ብሎ ወስኗል። ወላጅም ደስ አይለውም፤ እኔ ብሆን ልጄን እንዲህ አስፈርሞ ለሚቀበል ሰው አልሰጥም። ኤልኤልሲም ቢሆን ልጁን የምትጠብቂው አንቺ ራስሽ እስከሆንሽ ድረስ ከራስሽ ቸልተኝነት አይጠብቅሽም። «ልጁ ራሱ ነው የዘለለው» ማለትም አያዋጣም። እዚህ ስቴት ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ በሕግ ጥፋተኛ ሊባል አይችልም።

ስለ ልጆቹ ቁጥር ሳላነሳ እንዳላልፍ። ቨርጂኒያ የምትቆጥረው በነጥብ ነው። አንድ ተንከባካቢ ከ16 ነጥብ ማለፍ አይችልም። እስከ 15 ወር ያለ ሕፃን 4፣ ከ16 እስከ 23 ወር 3፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት 2፣ ከ5 እስከ 9 ዓመት 1 ነጥብ ነው። ያንቺን ቁጠሪው። ሁለቱ ሕፃናት 8፣ የ20 ወሩ 3፣ ሁለቱ የ3 ዓመት ልጆች 4። 15 ሆነ። ከ8 ዓመት በታች ያለ የራስሽ ልጅም ይቆጠራል፤ ልጅሽ 2 ስትጨምር 17 ትደርሻለሽ። አልፈሻል ማለት ነው። ወይ ረዳት ያስፈልግሻል፣ ወይ አንዱን ሕፃን ለጊዜው አትቀበዪ። «አንድ ነጥብ ምን አላት» እንዳትዪ። ከተፈቀደልሽ በላይ ልጅ ይዘሽ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ እምቢ ለማለት ሰበብ ያገኛል።

መኪናሽንም አስቢበት። በክፍያ ሰው ማጓጓዝን ተራው የመኪና ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። እኔ ልጆቹን በመኪና መውሰድ ካቆምኩ ቆየሁ። ፓርክ በእግራችን ነው የምንሄደው።

ኢንስፔክተሯ ምን ታያለች ላልሽው፣ የምታየውን ዝርዝር ይሰጡሻል። መድኃኒት የተቆለፈበት፣ የጭስ ማንቂያ፣ በየወሩ የሚደረገው ከቤት የመውጣት ልምምድ፣ ሲፒአርና የመጀመሪያ እርዳታ፣ ይሄን ታውቂዋለሽ። እኔ የምነግርሽ እዚያ ዝርዝር ላይ የማይገኘውን፣ የኛን ቤት ነው።

ቡና አንዱ ነው። ረከቦት ዓመት ለሞላው ልጅ ልክ በፊቱ ቁመት ነው። ከላዩ የምናለብሰው ጨርቅ ደግሞ ዘርፉ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ልጅ ያን ዘርፍ አይቶ አይተወውም፤ ይይዘዋል፣ ይስበዋል፣ ጀበናው ከነትኩስ ቡናው ይመጣል። እኔ ልጅ ባለበት ሰዓት ቡና አላፈላም። ከሰልማ ጭራሽ፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ መርዝ ነው። ጎረቤት ቡና ጠጡ ብላ ብትመጣም ልጆቹ ከሄዱ፣ ከሰዓት 5 ተኩል በኋላ ነይ እላታለሁ።

ቆሎም አለ። አንድ ጊዜ ቅዳሜ እንግዳ ነበረኝ። ሰኞ ጠዋት የ14 ወሯ ልጅ አፏን ስታላምጥ አየሁ። ጣቴን አስገብቼ ያወጣሁት አንዲት የሽምብራ ቆሎ ነው። ከምንጣፉ ሥር አግኝታው ነው። እጄ ለረጅም ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ቆየ። አሁን ሰኞ ሰኞ ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ተንበርክኬ በእጄ እየዳበስኩ ወለሉን አያለሁ። ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ፈንዲሻ 4 ዓመት ላልሞላው ልጅ አልሰጥም። የወይን ፍሬም ቢሆን ለአራት ሰንጥቄ ነው የምሰጠው።

እንቅልፍ ላይ ከአያቶች ጋር ትጋጪያለሽ። «ይበርደዋል» ይሉሻል፣ ጋቢ ይልኩልሻል፣ «በጎኑ አስተኚው» ይሉሻል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን በጀርባው፣ ለብቻው፣ ጠፍጣፋ ጠንካራ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ብርድ ልብስና ያለ ትራስ ነው የሚተኛው። ዘንበል ያለ የሕፃን መኝታና የአልጋ ዙሪያ ትራስ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ሕግ እዚህ አገር እንዳይሸጡ ተከልክለዋል፤ ሰው ያገለገለ ቢሰጥሽ አትቀበዪ። በመኪና ወንበሩ ተኝቶ ከመጣም አውጥተሽ አልጋው ላይ አስተኚው። ለእናቶቹ በአክብሮት፣ መጀመሪያ ቀን ላይ ንገሪያቸው። ማር፣ የአብሽ ውሃ፣ የቤት መድኃኒት ይዘው ቢመጡም አትስጪ። ማር ዓመት ላልሞላው በጣም አደገኛ ነው። የሐኪም መድኃኒት እንኳ ቢሆን ማት የሚባለውን የመድኃኒት አሰጣጥ ሥልጠና ወስደሽ፣ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይዘሽ ነው።

ሌላው ከአገር ቤት የሚመጣ ዘመድ ነው። «ለሁለት ሳምንት» ብሎ መጥቶ ስድስት ወር ይቀመጣል። 18 ዓመት የሞላው ሰው ቤትሽ ነዋሪ ከሆነ የጣት አሻራ ምርመራ ያስፈልገዋል። የገዛ ወንድሜን ሳይቀር መጀመሪያ አሻራ ስጥ ስለው ቅር ብሎት ነበር። እኔ ግን የሰው ልጅ ነው የያዝኩት። ላይሰንስ የሚሰጠው ቢሮ ላይ አስመዝግቢ፣ ምርመራው ሳያልቅ ደግሞ ከልጆቹ ጋር ብቻውን አትተዪው።

መጨረሻ ላይ፣ ደብተር ያዢ። ልጅ ሲወድቅ፣ ሲቧጨር፣ ሲነከስ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ምን እንዳደረግሽ በዚያው ሰዓት ጻፊ፤ ማታ ወላጅ ሲመጣ አስፈርሚ። ጠዋት ሲመጣ አካሉ ላይ ያየሽውንም ጻፊ። የዚያን ልጅ ቀን የጻፍኩት አራት መስመር ብቻ ነበር፣ እሱም በማግስቱ። «ከሦስት እርምጃ ርቀት እያየሁት ነበር» የሚለውን ያኔ ሰዓቱን ይዤ ጽፌው ቢሆን ስንት ጭንቀት ይቀንስልኝ ነበር። ደብተሮቹን ልጁ 20 እስኪሞላው አልጥልም።

የኢንሹራንስ ዋጋ ከሦስት ቦታ ጠይቂና ያመጡልሽን ወረቀት ስምሽንና ቁጥርሽን ሸፍነሽ በኢንቦክስ ላኪልኝ። «የማይሸፍነው» የሚለውን ገጽ አብረን እናነበዋለን። ልጆቹ ከሰዓት ከ1 እስከ 2 ተኩል ስለሚተኙ ያኔ እመልስልሻለሁ።