መልስ፦ ፍርድ ቤቱ በጎርፍ ተዘግቶ የይግባኝ ጊዜ ካለፈ

ሰላም እህቴ። «ፍርድ ቤቱ በጎርፍ ተዘግቶ ሳለ የይግባኝ ጊዜዬ አለፈ፤ ቀረብኝ ማለት ነው?» ላልሽው፣ ተስፋ አትቁረጪ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይግባኝ የሚቀርበው በ60 ቀን ነው። ካለፈ ግን በቂ ምክንያትሽን ገልጸሽ የማስፈቀጃ አቤቱታ ማቅረብ ትችያለሽ፤ አንቀጽ 325 እና 326ን ተመልከቺ። ሬጅስትራሩ (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ) «ጊዜው አልፏል» ብሎ ከመለሰሽ ያለሽ 10 ቀን ብቻ ስለሆነ ዛሬውኑ ተንቀሳቀሺ። በሩ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ካለ በስልክሽ አንሺው፤ ከቀበሌም ማስረጃ ያዢ።

እኔ እዚሁ ሐዋሳ መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። አንድ ክረምት ጣሪያው አፍስሶ መዝገቦቹን በረንዳ ላይ ዘርግተን ስናደርቅ፣ የማኅተሙ ቀለም ተሰራጭቶ የዳኛው ፊርማ አልነበብ አለን። ባለጉዳዮቹ ቤታቸው ባስቀመጡት ግልባጭ ነው መዝገቡን መልሰን ያሟላነው። የውሳኔሽን ግልባጭ ከእጅሽ አታጥፊ፣ አደራ!

የታሰረ ዘመድ ካለሽ ደግሞ ሕንፃው እስኪደርቅ አትጠብቂ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ነው። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በከፊል ሲዘጉ እንኳ አስቸኳይ ጉዳዮች ይታዩ ነበር። አስቸኳይ ጉዳይ የሚያየው ተረኛ ችሎት የት እንደሚያስችል ጠይቂ።