«ማስተር ኪ አይከፍተውም» የተባለው ሲሊንደር

ጠያቂያችን ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ናቸው። «ማስተር ኪ አይከፍተውም» ተብለው፣ ቁልፉ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ነጥብ ያለበት ውድ ሲሊንደር (ቁልፉ የሚገባበት የመቆለፊያው ልብ) ላሜራ በራቸው ላይ አስገጥመዋል። አሁን ቁልፉ እስከ መጨረሻው ገብቶ አይዞርም፤ ትንሽ ሳብ ሲያደርጉት ግን እሺ ይላል። ባለቤታቸው የምግብ ዘይት ጠብ አድርገውበታል። ሲሊንደሩ ወደ ውጭ ጣት ያህል ወጥቷል። ማታ ከውስጥ ቆልፈው ቁልፉን ከልጆች ይደብቃሉ። «ሌባ ሞክሮት ይሆን? ይህስ ያለ ቁልፍ ይከፈታል ወይ?» ይላሉ።

ከሁሉ በፊት፣ ቁልፉን አይደብቁ! መስኮቱ ፍርግርግ፣ በሩ የተቆለፈ ቤት እሳት ቢነሳበት በምን ይወጣሉ?

ሌባ አልጠረጥርም። ሳብ ሲደረግ የሚዞር ከሆነ፣ በእጅዎ ያለው ቁልፍ ቅጂ ሳይሆን አይቀርም፤ ነጥቦቹ ከቦታቸው ፈቀቅ ብለው ይሆናል። ለተራ ባለጥርስ ቁልፍ የተሠራ መቅረጫ ማሽን ይህን በልኩ አይበሳም፤ ርካሹ ብረትም ቶሎ ይበላል። በሩን ከፍተው በኦሪጅናሉ ይሞክሩ። ያለችግር ከዞረ ቅጂውን ይጣሉት። በሩ ሲዘጋ ብቻ ከከበደ በሩ ወርዷል፣ ማጠፊያው ይስተካከል። ዘይቱንስ ምን ልበል! አቧራ ይዞ ይጋገራል። በበሩ ጠርዝ ያለውን ረጅም ብሎን ፈተው፣ ቁልፉን በትንሹ አዙረው ሲሊንደሩን ያውጡ፤ በኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሪክ ዕቃ ማጽጃ ስፕሬይ) አጥበው፣ ሲደርቅ የግራፋይት ዱቄት ይንፉበት።

ይከፈታል ወይ? ይከፈታል። ሲሊንደር ውስጥ ሞላ የሚገፋቸው ፒኖች ተደርድረዋል፤ ትክክለኛው ቁልፍ ሁሉንም ልካቸው ላይ ሲያቆማቸው መሐሉ ይዞራል። የትኛውም ፋብሪካ ግን ቀዳዳዎቹን ፍጹም በአንድ መስመር አይበሳም። ስለዚህ መሐሉ እንዲዞር በትንሹ ሲገፋ ፒኖቹ እኩል አይያዙም፤ አንዱ ይቀድማል፣ እሱ ሲለቅ ሌላው ይያዛል። ከፋች የሚጠቀመው በዚያች ፀጉር በምታህል ስህተት ነው። ጥሩ ፋብሪካ ስህተቱን ያጠብና ወጥመድ ይጨምራል። የአሜሪካው ቁልፍ ሠሪ ሜዴኮ ፒኖች ከፍ ማለታቸው አይበቃም፣ በልኩ መዞርም አለባቸው። የፊንላንዱ አብሎይ ደግሞ በፒን ፈንታ ዲስክ ነው ያለው። ለንደን ውስጥ ብራማ የተባለ ቁልፍ ሠሪ የሠራው ቁልፍ፣ ያለ መክፈቻው ለከፈተው 200 ጊኒ (የቀድሞ የእንግሊዝ ገንዘብ) እንደሚሸለም ተጽፎበት መስኮት ላይ ለአሥርት ዓመታት ተቀምጦ ነበር። በ1851 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሜሪካዊው ቁልፍ ሠሪ ሆብስ ከፈተው፤ 16 ቀን ተመላልሶ፣ 51 ሰዓት ፈጅቶበት። የእርስዎ ደረጃ ላይ 51 ሰዓት የሚቆም ሌባ አለ?

ሌባ ፒን ሲቆጥር አይውልም። የወጣ ሲሊንደር ካገኘ በመፍቻ ይዞ ወገቡ ላይ ይሰብረዋል፤ ብሎኑ የሚያልፍበት ቦታ ቀጭን ነዋ። የገጠመልዎት ሰው ሳይለካ ነው ገንዘብዎን የበላው። ከብሎኑ ቀዳዳ እስከ በሩ ውጭ ፊትና እስከ ውስጡ ለየብቻ ለክተው ይግዙ፤ ወደ ውጭ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አይውጣ።

ሲቀይሩም ከውስጥ ያለቁልፍ፣ በእጅ የሚዞረውን ይምረጡ። እስከዚያው ቁልፉ ማታ ማታ በሩ አጠገብ፣ ሁሉም የቤቱ ሰው በጨለማ ሊያገኘው በሚችልበት ሚስማር ላይ ይሰቀል።